የነገውን ያነበበ ድምፅ

መሪጌታ ወልደአረጋይ በሚቀበሩበት ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እንደ ወትሯቸው በየዕለቱ የሚነበበውን የቅዱሳን ታሪክ፣ ስንክሳርን፣ አነበቡ። ሬሳቸው ድንኳን ውስጥ ነው። ድምፃቸው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ወጥቶ አንኮበርን በሸፈነው ጉም ውስጥ ቀስ ብሎ ተሰማ። አልቃሹ ሁሉ ወደ ማጉያው ዞረ። የሚያነቡባት ክፍል ደግሞ ከትናንት ጀምሮ በፖሊስ ታሽጋለች።

ከደብረ ብርሃን የተጠራችው ኢንስፔክተር ቦሰና እሽጉን ቀድዳ ገባች። ወለሉ ላይ የደረቀ ደም፣ ጠረጴዛው ላይ የተቆለፈ ኮምፒውተር አለ። የማጉያው ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቷል፤ ማይክሮፎኑ ብቻውን ተጋድሟል።

ነገሩ ለወረዳው ፖሊስ ቀላል ነበር። ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ የመሪጌታ ድምፅ ተሰማ። ሦስት ተኩል ላይ ዘበኛው ወልደኪዳን ውሃ ይዞ ሲገባ ራሳቸውን በድንጋይ ተመተው አገኛቸው። ከንባቡ በኋላ ሌላ የገባ የለም። ስለዚህ ሽማግሌው ዘበኛ ታሰረ፤ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ወልደኪዳን የሚናገረው ጥቂት ነበር። የመሪጌታ የእህት ልጅ ኃይለሚካኤል ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከንባብ ክፍሏ ወጥቶ፣ አጎቱ ጸሎት ላይ ስለሆኑ አንብበው ሳይጨርሱ እንዳይገባ ነግሮት ነበር።

ኃይለሚካኤል ደብረ ብርሃን የሚሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ትናንት ንባቡ ሲሰማ ስድስት ሰዎች ሻይ ቤት አብረውት ነበሩ።

«ኮምፒውተሩን ማን አዘጋጀው?» አለች ቦሰና።

«እኔ። አምና ጉሮሯቸውን ሲያማቸው የዓመቱን ንባብ ቀዳንላቸው። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ራሱ እንዲያሰማ አደረግሁት።»

«ትናንትም ራሱ ቢሆንስ ያሰማው?»

«ተቆልፏል እኮ። የይለፍ ቃሉን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። የተቆለፈ ኮምፒውተር ምንም አይሠራም።»

«የዛሬውስ?»

«እሱን አለቃን ይጠይቁ። መንፈስ የእሳቸው ሥራ ነው።»

የደብሩ አለቃ ቴዎፍሎስ ስለ መንፈስ ምንም አላሉም። መሪጌታ ከአዲስ ዓመት ወዲህ «ማሽኑ ቀን ስቷል» ብለው ገመዱን ወደ ማይክሮፎኑ ማዞራቸውንና በራሳቸው አንደበት ማንበባቸውን ብቻ ነገሯት።

የዘበኛው ሚስት ማኅደረማርያም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ትናንት የሚካኤልን ታሪክ አነበቡ» አለች። «ሚካኤል ግን ዛሬ ነው። ነገን እንደማያዩት አውቀውት ነው፣ ልጄ።»

ቦሰና ደግማ እንድትነግራት ጠየቀቻት።

በማግሥቱ ለሦስት ሰዓት ሩብ ሲቀረው ኃይለሚካኤልን፣ አለቃን፣ ማኅደረማርያምንና ወልደኪዳንን የንባብ ክፍሏ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወልደኪዳን እጁ ታስሮ ቆሟል። ገመዱን ማንም አልነካውም።

«መሪጌታ ነገን አላወቁም» አለች። «አምና ጳጉሜን ስድስት ነበረች። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ቀን ነው፤ ስድስተኛዋን ጳጉሜን አያውቃትም፤ መስከረም አንድ ብሎ ቆጠራት። ከመስከረም አንድ ጀምሮ የነገውን ዛሬ ያነባል። መሪጌታ ማሽኑን የተዉት ለዚህ ነው። እሳቸው በሕይወት ቢኖሩ ወሩ በገባ በዐሥራ አንደኛው ቀን የሚካኤልን አያነቡም ነበር። ከትናንት በስቲያ ሦስት ሰዓት ላይ ሞተው ነበር።»

«ተቆልፏል አልኩ እኮ» አለ ኃይለሚካኤል።

«ቁልፉ የሚዘጋው ስክሪኑን ነው። የታዘዘው ሥራ ከጀርባው ይቀጥላል። የእኔ ቢሮ ኮምፒውተር እንኳ ቆልፌው ስሄድ ሪፖርት ይልካል። ባለሙያው አንተ ይህን አታውቅም? አንተ ይለፍ ቃል አላስፈለገህም። ገመዱን ብቻ አዛወርክ፣ ዘበኛውን ከበሩ አራቅህ፣ ሻይ ቤት ተቀመጥክ። ከአዲስ ዓመት ወዲህ እስከዚያ ቀን እዚህ ስላልመጣህ ቀኑ መሳቱን አልሰማህም።»

«ለምን ብዬ?»

መልሱን አለቃ ሰጡ፤ መሬት መሬት እያዩ።

«ጥቅምት ላይ የእነዋሪ ከተማውን ቄስ ልጅ በደናግል ሥርዓት፣ በተክሊል፣ ልታገባ ነበር። መሪጌታ ግን አረርቲ ከተማ የወለድከውን ልጅ ስለሚያውቁ ንጽሕናህን በደብዳቤ አልመሰክርም አሉህ።»

ቦሰና የወልደኪዳንን ካቴና ፈታች። የሽማግሌው እጅ እንደታሰረ ሁሉ ተጣምሮ ቀረ፤ ማኅደረማርያም ለየችለት። ካቴናው ኃይለሚካኤል እጅ ላይ ሲዘጋ ሦስት ሰዓት ሆነ።

ድምፁ ጀመረ። የጠራ፣ የማይቸኩል፣ የነገውን የሚያነብ።

ኃይለሚካኤል ግድግዳውን ተደገፈ። «ገመዱን ንቀሉት» አለ።

«በዚያው ዕለት ተመልሰህ ልትነቅለው ነበር፤ በሩ ታሸገብህ» አለች ቦሰና። «አሁን ይጨርሱ።»

ወልደኪዳን ቆቡን አውልቆ አዳመጠ።