የኢያሪኮ ዕውራን

የየኔታ መርስዔ ኃዘን አስከሬን ከገደሉ ሥር ሲነሣ አንገቱ ላይ የቃጫ ገመድ ተገኘ። የገመዱ ሌላ ቁራጭ ከላይ፣ አፋፉ ላይ ከበቀለው ጥድ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘው ነበር። ይህ እሑድ ጧት ነው። ወሩ ኅዳር፣ ዘመኑ 1990 ዓ.ም.። ሰኞ ረፋዱ ላይ መርማሪ ሳጅን ጽናት ከራቤል ፖሊስ ጣቢያ በበቅሎ ስትደርስ የጥድ አምባ ሚካኤል ሰው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል።

«ታንቀው ነው» አሉ ቄስ ኪዳነ። የደብሩ ገበዝ ናቸው፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍም የመቃብሩ ነገርም በእጃቸው ነው። «ገመዱ አልቻላቸው ብሎ ተበጠሰና ገደል ገቡ። ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅጥሩ ውጭ እንቀብራቸዋለን።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ማንም ምንም እንዳይነካ።»

«ፖሊስ ጣቢያው ወንድ አጣና ነው ሴት የላከብን?»

«ወንዶቹ ዳገቱን ፈሩት፣ አባቴ።»

ገበዙ ሊስቁ ቃጣቸውና ተዉት።

የሟቹ ልጅ ማርያማዊት አስከሬኑ ያረፈበት ጎጆ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ለቅሶው ድምፅዋን ወስዶታል። «እኅቴ» አለች በሹክሹክታ፣ «ማን እንደ ገደላቸው ኋላም ትደርሽበታለሽ። እኔ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ያለ ፍትሐት እንዳይቀብሩብኝ። አርባ ዓመት ወንጌል አስተምረው እንደ ይሁዳ አይጣሉ።»

«ራሳቸውን አልገደሉም ነው የምትይኝ?»

«አባቴን አውቃቸዋለሁ ነው የምልሽ።»

«ለገበዙ ይኼ አይበቃም። ለእኔም አይበቃም» አለች ጽናትና ጎብጣ ወደ ውስጥ ገባች።

የኔታ ጥቁር ካባቸውን እንደ ለበሱ ተጋድመዋል። ገመዱን ፈትታ አንገታቸውን አየች። የገመዱ ፈለግ አለ፤ ቆዳው ግን አልጠቆረም፣ ደም አልቋጠረም። ራሳቸውን ቀና አድርጋ ማጅራታቸውን ዳሰሰች። አጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቷል።

በሩ ጨለመ። ወጣት ቄስ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ቆሟል። ወልደ ጻድቅ ይባላል፤ የየኔታ የመጀመሪያ ተማሪ፣ ምክትላቸው፣ ብራና ፍቆ መጻሕፍት የሚጽፍም እሱ ነው። ከጋቢው ሥር የግራ እጁን አውጥቶ መስቀል አሳለማት።

«እሑድ ጧት የት ነበሩ?» አለች ጽናት።

«ኪዳን አደረስኩ። የቅዳሴው ተራ የእኔ ነበር። ስታጠብ ውሃ አፌ ገባና ጾሜ ፈረሰ፤ ሌላ ቄስ ተተካ። እኔ ከሕዝቡ ጋር አስቀደስኩ።»

«የኔታ ምን ያገኛቸው ይመስልዎታል?»

«ማቴዎስ ይሁዳ ታነቀ ይላል። የሐዋርያት ሥራ በግንባሩ ተደፍቶ ተሰነጠቀ ይላል። ሊቃውንት ሲያስማሙት ታንቆ፣ ገመዱ ተበጥሶ ወደቀ ይላሉ። የኔታም እንዲሁ ሆኑ። ሁለቱም ቃል ተፈጸመባቸው።»

«ስለ ይሁዳ አልጠየቅኩዎትም» አለች ጽናት።

አፋፉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ከሥር ጉሙ እንደሚፈላ ወተት ይነሣል፤ አሞራዎች ከታች ይዞራሉ። ጽናት በሆዷ ተኝታ የተንጠለጠለውን ቁራጭ ሳበችው። ጫፉ ግማሹ እንደ ተላጨ ለስላሳ፣ ግማሹ የተቦጫጨቀ ነው። ከጫፉ ስንዝር ያህል ወጣ ብሎ የደረቀ ደም አለ። ይህ ቁራጭ የሟቹን ገላ ነክቶ አያውቅም። ከጥዱ ሥር ደግሞ አንድ ድንጋይ ብቻውን ተገልብጦ አፈር የነካው ገጹ ወደ ላይ ዞሯል። መልሳ ገለበጠችው። ከሥሩ የተጣበቀው የድንጋይ ሽበት አልነበረም፤ የሰው ጠጉር ነው፣ ከደም ጋር የደረቀ።

ከገደሉ ሥር ወዳለው አውድማ ወረደች። አስከሬኑን ያገኘው ገበሬ ትዕዛዙ ገብሱን እየወቃ በሬዎቹን ሳያቆም መለሰላት።

«ገመዱስ የእኔ ነው። የነዶ ማሰሪያዬ። አፋፉ ላይ ካለው ክምር አጠገብ ትቼው አደርኩ። ለዚህ ብለሽ ታስሪኝ ይሆን?»

«ያዩትን ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«ኪዳን አልቆ ትንሽ እንደ ቆየ፣ እዚሁ እህሉን ስጠብቅ ቀና ብል አንድ ሰው ጥዱ ሥር ቆሟል። ነጭ ለብሷል። ጉሙ መጥቶ ሸፈነው። ከዚያ እንደ ጆንያ የሚከብድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ሮጬ ባይ የኔታ! ጮህኩ።»

«ሁለት ሰው አልነበረም?»

«ያየሁት አንድ ነው። ሁለት በል ብትይኝ ግን አልልም።»

«አላልኩዎትም።»

እማሆይ አማከለች ግን ሁለት አሉ። የመነኩሲቷ ጎጆ ወደ አፋፉ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው።

«ሁለት ናቸው። ኪዳን እንዳለቀ በዚህ አለፉ። ከፊት የኔታ፤ ሳላቸውን አውቀዋለሁ። ከኋላ ነጭ የለበሰ። ፊቱን አላየሁትም፤ በእሑድ ነጭ ያልለበሰ ማን አለና ነው?»

«ትዕዛዙ አንድ አየሁ ይላል።»

«ትዕዛዙ! በሬውን ሲቆጥርም አንድ ይጎድለዋል እኮ!» እማሆይ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። «ሲጮህስ ሰምቼዋለሁ፤ ከታች፣ ከገደሉ ሥር።»

«ከዚያ በኋላ ወልደ ጻድቅን አይተዋቸዋል?»

«ቅዳሴ ሲገባ ከደጅ፣ ወይራው ሥር ቆመዋል። ጋቢያቸው ላይ ደም አይቼ ደነገጥኩ። ‹ነስሮኝ ነው እማሆይ› አሉኝ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ደጃፉን አላለፉም።»

ገበዙን ዕቃ ቤቱ በር ላይ አገኘቻቸው። «ወልደ ጻድቅ ለምን አልቀደሱም?»

«ሆዴን ቆረጠኝ አለኝ፤ በሰው ልኮ።»

«እርስዎስ ከየኔታ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«የተማሪዎቹ ጎጆ የደብሩን ግጦሽ በላብኝ ብዬ ነው። ለሣር ሰው አልገድልም፣ ልጄ። ደግሞ ኪዳን ሲጀመር መቅደስ ገብቼ የወጣሁት የትዕዛዙ ጩኸት ሲሰማ ነው። ዲያቆናቱን ጠይቂ።»

ጠየቀች። ሁለቱም ዲያቆናት ያንኑ አሉ።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ጽናት ከማርያማዊት አጠገብ ተቀመጠች። «አንዱ አንድ ሰው አየሁ ይላል፤ አንዷ ሁለት። ከሁለቱ የትኛውን እንደምጥል አላውቅም።»

ማርያማዊት ቀና አለች። «ለምን ትጥያለሽ? አባቴ ቢሰሙሽ ይቆጡሽ ነበር።»

«እንዴት?»

«ጌታ ከኢያሪኮ ሲወጣ ማቴዎስ ሁለት ዕውራን በመንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር ይላል። ማርቆስ አንድ ይላል፤ በርጤሜዎስ ብሎ በስሙ ይጠራዋል። ተማሪዎቹ የትኛው ልክ ነው ሲሏቸው አባቴ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? ‹አንድ ያለው ሁለት አልነበሩም አላለም። መጀመሪያ እያንዳንዱ የት ቆሞ፣ መቼ እንዳየ ጠይቅ። ከጠየቅህ በኋላ አልስማማ ካለህ፣ ያን ጊዜ ጠርጥር።›»

«አንቺ ከየት ተማርሽው?»

«ከግድግዳው ጀርባ። ሊጥ እያቦካሁ።»

ጽናት ሳታውቀው ፈገግ አለች። ቀጥላም «ከመሞታቸው በፊት ምን አደረጉ?» አለች።

«ቅዳሜ የደብሩን የብራና ወንጌል አስመጥተው ፀሐይ ላይ ሲያነቡ ቆዩና አለቀሱ። ገበዙን አስጠሩ፤ ማታ ደግሞ ወልደ ጻድቅን። ለእኔ ‹ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ የምንነግረው አለ› ብቻ ነው ያሉኝ።»

መጽሐፉ አሁንም አትሮንሱ ላይ ነበር፤ መካከሉ ላይ የሰም ጧፍ ቁራጭ ተደርጎበታል። ጽናት ገለጠችው። ግዕዙን አታውቀውም፤ ቁጥሩን ግን ታነባለች።

«የኢያሪኮ ታሪክ በማቴዎስ ይኼ ነው?»

«‹ኢያሪኮ› ይላል እዚህ ጋ። አዎ።»

«አጠገቡ ያለው ቁጥር ፩ ነው።»

«አይደለም! ማቴዎስ ሁለት ነው የሚለው።»

ጽናት ቅጠሉን ወደ በሩ ብርሃን አነሣችው። ከቁጥሩ ሥር ብራናው ሳስቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን አሳለፈ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ደጀ ሰላሙ ፊት ተሰበሰቡ፤ ዳገቱን ዘግይቶ የወጣው የጽናት ባልደረባ ፖሊስም ደርሷል። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ቅጥሩን እየዋጠ ነበር። ከወንዶቹ ማንም አልተቀመጠም።

«ቶሎ በይ» አሉ ገበዙ። «ሰዓቱ ደርሷል።»

«ትዕዛዙ አንድ አየ፣ እማሆይ ሁለት» አለች ጽናት። «ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። እማሆይ ያዩት ሲሄዱ ነው፤ ሁለት ነበሩ። ትዕዛዙ ያየው ቆይቶ ነው፤ የቆመው አንድ ነው። ሁለተኛው መሬት ላይ ወድቆ ነበር።»

ማርያማዊት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«የቆመው ነጭ ለብሷል። የኔታ የሞቱት በጥቁር ካባ ነው። ስለዚህ የቆመው እሳቸው አልነበሩም። ማጅራታቸውን የመታቸው ድንጋይ ከጥዱ ሥር አለ፤ ጠጉራቸው ተጣብቆበታል። በሕይወት የታነቀ ሰው አንገቱ ይጠቁራል። የእሳቸው አልጠቆረም፤ ገመዱ የገባው ከሞቱ በኋላ ነው። ገዳዩ ገመዱን ግማሽ ድረስ በቢላዋ ቆርጦ ገፋቸው። የቀረውን ክብደታቸው በጠሰው።»

«የትዕዛዙ ገመድ ነው!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ትዕዛዙ ሬሳው እንደ ወደቀ ከገደሉ ሥር ሲጮህ ተሰምቷል። ገመዱ ያደረው አፋፉ ላይ፣ ክምሩ አጠገብ ነው፤ ያለፈ ሁሉ ሊያነሣው ይችላል። ገበዙም ከመቅደስ አልወጡም። አሁን ጥዱ ላይ ወደ ቀረው ቁራጭ እንመለስ። ደም አለበት። የየኔታን ገላ ያልነካ ገመድ የማንን ደም ይዟል? የቆረጠው ሰው ቢላዋው ስቶት እጁን ወግቶታል።»

ወደ ወልደ ጻድቅ ዞረች።

«እርስዎ ለምን አልቀደሱም? ለእኔ ውሃ አፌ ገባ አሉኝ። ለገበዙ ሆዴን ቆረጠኝ፤ ለእማሆይ ነሰረኝ። ሦስት ምስክር ሦስት ቦታ ቆሞ ቢለያይ የሚያስታርቀው አይጠፋም። አንድ አፍ ስለ ራሱ ሦስት ሲናገር ግን ማን ያስታርቀዋል?»

«ሰው ሲታመም…» አለ ወልደ ጻድቅ።

«ሆዱን የታመመ ከውስጥ ቆሞ ያስቀድሳል። ጾሙ የፈረሰበትም። እርስዎ ግን ደጅ ነበሩ። አባ ገበዝ፣ ቄስን ከደጅ የሚያስቀረው ምንድን ነው?»

«ደም» አሉ ገበዙ። «ደም የሚፈሰው ሰው ደጃፉን አያልፍም።»

«ነስር ቢሆን ኖሮ ለእርስዎም ነሰረኝ ይሉዎት ነበር፤ ነስር አያሳፍርም። ለእማሆይ ብቻ ያሉት ደሙን ስላዩባቸው ነው። የሰው ነፍስ አጥፍተው፣ ሥርዓቱን ግን መጣስ ፈሩ።» እንደገና ወደ ወልደ ጻድቅ ዞረች። « ዛሬ መስቀል ያሳለሙኝ በግራ እጅዎ ነው። ቀኝዎን ያውጡ።»

ወልደ ጻድቅ ጋቢውን ለቀቀው። መዳፉ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ መካከሉ ጠቁሯል።

ጽናት ወንጌሉን ገልጣ ለገበዙ አሳየች። «ቅዳሜ የኔታ ምን ጠየቁዎት?»

«መጽሐፉን በቅርብ ማን አወጣው አሉኝ።» ገበዙ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አነሡት። «ወልደ ጻድቅ፣ ለጥገና ብሎ። አምላኬ! ወንጌል ፍቀሃል?»

«ሳቁብኝ» አለ ወልደ ጻድቅ። ድምፁ ጸጥ ያለ ነበር። «ራቤል ገበያ ላይ፣ አንድ አስተማሪ ‹ዕውሩ አንድ ነው ሁለት?› አለኝ። የተማርኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ገበያው ሳቀ። በእኔ ብቻ መስሏችኋል? በወንጌል ነው የሳቁት! አንዲት ቁጥር ብትስተካከል፣ ሁሉም ቢስማሙ፣ ማን ይስቅ ነበር?»

«የኔታስ?» አለች ጽናት።

«ክህነቴ ሊቀር ነው። ተንበርክኬ ለመንኳቸው። ‹አንተው ራስህ ንገራቸው፤ ስትናገር አጠገብህ እቆማለሁ› አሉኝ። አጠገቤ!» ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ይህን ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ።»

ፖሊሱ ወልደ ጻድቅን በክንዱ ያዘው፤ ሕዝቡም ልብሱ እንዳይነካው እየሸሸ መንገድ ከፈተ።

ቄስ ኪዳነ ጉሙ ውስጥ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። ቀስ ብለው ወደ ማርያማዊት መጡና ጥምጥማቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ሳልመረምር ፈረድኩባቸው። ይቅር በይኝ።»

ማርያማዊት ተነሣች። የጠፋው ድምፅዋ እስከ ቅጥሩ ጥግ ተሰማ።

«መጀመሪያ እሳቸውን ይፍቱልኝ፣ አባቴ። የእርስዎን ኋላ አስብበታለሁ።»

ገበዙ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እሺ አሉ። ዲያቆኑን ጠርተው ጥናውን እንዲያቀጣጥል አዘዙና፣ ቅጥሩ ውስጥ መቃብሩ የሚማስበትን ቦታ ራሳቸው ረግጠው አሳዩ።