ሁለተኛው ምስል

በምርምር ማዕከሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁሉም «አጣሪው» ይሉታል። ሥራው ከህዋ የሚላኩ የከዋክብት ምስሎችን ማጽዳት ነው። እያንዳንዱ ኮከብ ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ በአንዱ ምስል ታይቶ በሁለተኛው የሌለ ብልጭታ ቆሻሻ ነውና ይሰረዛል። በሁለቱም ላይ ካለ ግን የኮከቡ ብርሃን ነው፤ አይነካም።

እሷ እዚያው ፎቅ ላይ ተመራማሪ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ከአንዲት ጨቅላ ኮከብ ላይ አልነቀለችም።

«ገና እያደገች እኮ ነው» አለችው አንድ ቀን ከኋላው ቆማ። «በዙሪያዋ ያለውን ጋዝ ትስባለች። ጋዙ ሲወድቅባት ይግላል፤ ያኔ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ትረጫለች።»

«ስትጎርስ ታበራለች በይኛ።»

«አንተ ደግሞ! ሆዳም አደረግካት!»

ሳቀች። በስክሪኑ መስታወት ላይ ፊቷን አየ። እጁ በልማድ ከኮከቧ ምስል ላይ አንዲት ብልጭታ ሰረዘ።

ማዕከሉ ቀነ ገደብ ሰጥቷት ነበር። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ኮከቧ ካልፈነጠቀች ጥናቱ ይዘጋል። ታላቅ ወንድሟም ቁርጡን ነግሯት ነበር፤ ያኔ ቤት ተመልሳ እናታቸውን ታስታምማለች።

ዓመቱ አለቀ። ኮከቧ ጭጭ እንዳለች ቀረች። የእሷም ቦታ ለሌላ ተሰጠ።

አጣሪው ማስታወሻ ይሁናት ብሎ የኮከቧን ምስል ሊያትምላት ጥሬውን፣ ያልጸዳውን መዝገብ ከፈተ። ክው አለ። ያቺ የሰረዛት ብልጭታ በሁለተኛውም ምስል ላይ ነበረች። ሁለቱንም አተማቸው።

ወረቀቶቹን ቀዶ ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ቢያንስ በሰላም ትሰናበተው ነበር። አልሆነለትም። ዕቃዋን ወደምትሸክፍበት ክፍል ይዞላት ሄደ።

ሁለቱን ምስሎች ደጋግማ አየቻቸው። ውጭ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል።

«ሁለተኛውን ለምን አላየህም? ሥራህ አይደል እንዴ?»

«ከኋላዬ ቆመሽ ነበር።»

«እና?»

«አንቺን እያየሁ ነበር።»

ከታች የመኪና ጡሩምባ ጮኸ።

«ወንድም ጋሼ ነው» አለች፤ ግን አልተነሳችም። «ሁለት ዓመት ሙሉ እዚሁ ነበርኩ እኮ። አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ጡሩምባው ደገመ።

አንዱን ምስል አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሌላውን ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች።

አጣሪው ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ነው። ሰው ከኋላው ሲቆም «ወደ ጎን በሉልኝ» ይላል፤ ነገረኛ ሆነ እያሉ ያሙታል። ብልጭታ ባገኘ ቁጥር መጀመሪያ ሁለተኛውን ምስል ያያል። ብልጭታዋ እዚያ ከሌለች ቀጥሎ ደግሞ የስክሪኑን መስታወት ያያል። ማንም የለም። ያኔ ይሰርዛል።