እህቴን የካድኩበት አርብ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ከምሬ ነው የምላችሁ። ወሎ ሳለን እንኳ ጎረቤቶቻችን ስለ ጅን ማውራት ሲጀምሩ መሳቄን አላቆም ብዬ ከቤት የምባረረው እኔ ነበርኩ፣ ኩዌት ከመጣሁም በኋላ «ባዶ ክፍል ውስጥ ስሜ ተጠራ» የሚሉኝን ሴቶች «እንቅልፍ አጥታችሁ ነው፣ ሂዱ ተኙ» እያልኩ አፋቸውን አስይዛቸው ነበር። ስለዚህ ይህን ሰምታችሁ ብትስቁብኝ አልቀየምም፣ የእጄን ነው ያገኘሁት።

ነገሩ የተበላሸው ሩማይሲያ በሚባለው ሰፈር ማዳም ቤት የገባሁ ቀን ነው። የመክተቡ ሴትዮ፣ ማለት ሥራ የምታስገባን የኤጀንሲዋ ሴት፣ «ዘመድ አለሽ ወይ ካሉሽ የለኝም በይ፣ ዘመድ ያላት ሠራተኛ ትጠፋብናለች ብለው ይፈራሉ» ብላ መክራኝ ነበር፣ ማዳምም ገና ሻንጣዬን ከእጄ ሳላወርድ ስትጠይቀኝ «ማንም የለኝም» አልኳት። እህቴ ሐዋ ግን ያኔ በመኪና ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ቦታ፣ ሙባረክ አል-ከቢር ትሠራ ነበር። እሷ ደግሞ ተራ እህት እንዳትመስላችሁ፣ እናታችን ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ እታለም ነው የምላት።

አንዴ ከዋሸሁ በኋላ መልሼ ማንሳቱ አቃተኝ። አራት ዓመት ሙሉ እታለምን የማገኛት በስልክ ነው፣ ሲበዛ ደግሞ ማዳም ለዕቃ ስትልከኝ እሷም አሠሪዋን አስፈቅዳ ሰፈራችን ያለው ጀምዒያ፣ ሱፐርማርኬቱ ድረስ ትመጣና ከሩዝ ጆንያዎቹ ጀርባ እንደ ሌባ ተሳስመን እንለያያለን። በኋላ ሰይድ የሚባል ሾፌር አገባች፣ ፊንጣስ አንድ ክፍል ቤት ያዙ፣ ከዚያ ወዲህ ልመናዋ አንድ ብቻ ሆነ።

«ዘሃራዬ፣ ብርዱ ሳያልፍ አንድ አርብ እንኳ እንደ ሰው በቤቴ በር ግቢ። ባሕሩ ዳርቻ በእግራችን እንሄዳለን፣ ለገይማት እሠራልሻለሁ።»

ለገይማት የሚሉት ድቡልቡል ብሎ በዘይት የሚጠበስ፣ ሽሮፕ የሚፈስበት ጣፋጭ ነው፣ ከማዳሟ ተምራው ሄሉን እያበዛችበት የራሷ አድርጋዋለች። እኔም ሁልጊዜ «በሚቀጥለው አርብ፣ ኢንሻአላህ» እላታለሁ፣ አርቡም ይመጣል፣ እኔም እቀራለሁ።

ባለፈው ብርድ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የማዳም ቤተሰብ መኸየም ወጣ፣ ኩዌቶች ብርዱ ሲገባ በረሃ ላይ ተክለው የሚዝናኑበት የድንኳን ሰፈር ማለት ነው፣ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ሐሙስ ማታ እታለም በድምፅ መልእክት «ራሴን እያመመኝ ነው፣ ነገ ብትመጪልኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ። የት እንዳለሁ እንኳ አልነገርኳትም፣ ብነግራትስ የቦታውን ስም መች አውቄው። «በሚቀጥለው» ብዬ ላክሁላትና ተኛሁ።

አርብ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ሳህን አጥባለሁ፣ ጠዋት የወረደው ጉም አልገለጥ ብሏል። መጀመሪያ የሄል ሽታ መጣ፣ ማዳም ሻይ አፍልታ ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ የማዳም ልጆች ሲነዱት የዋሉት ሞተር ድምፅ ድንገት ጠፋ። ከዚያ ነጠላ ጫማ እየጎተተ የሚመጣ ሰው እርምጃ ሰማሁ፣ እመኑኝ፣ አሸዋ ላይ ነን እኮ፣ ድምፁ ግን የቤት ወለል ላይ እንደሚጎተት ጫማ ነበር። እታለም ቀኝ እግሯን ትጎትታለች። አውቄዋለሁ፣ ግን አላመንኩም፣ ሳህኔን ማጠብ ቀጠልኩ።

«ዘሃራ! ተዓሊ!» ብላ ማዳም ጠራችኝ።

እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ዞሬ ብወጣ ማዳም ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች፣ ፊት ለፊቷ እታለም በቤት ቀሚሷ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛ ቆማለች።

«ይቺ ሴትዮ እህቴን ነው የምፈልገው ትላለች፣ ያንቺ ዘመድ ናት እንዴ?» አለችኝ ማዳም።

ምን ልበላችሁ፣ እንዴት መጣች፣ በምን መጣች ብሎ መጠየቅ እንኳ አልመጣልኝም፣ የመጣልኝ የአራት ዓመቱ ውሸቴ ብቻ ነው፣ ልትባረሪ ነው አለኝ ልቤ።

«ላ ማዳም፣ አላውቃትም» አልኩ።

እታለም አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ድሮ ሲያመኝ እንደምታየኝ አየችኝና ይቅርታ ስትል በአረብኛ «አፍዋን፣ ተሳስቼ ነው» ብላ ሳህኗን እንደያዘች ዞረች፣ ያን ጫማ እየጎተተች ጉሙ ውስጥ ገባች። ማዳም ወደ ድንኳኑ እስክትገባ ጠብቄ ሮጥኩ። ማንም የለም፣ መኪና የለም፣ አሸዋው ላይ ያለው የእኔ ዱካ ብቻ ነው። መግቢያው ላይ የሚቀመጠው ዘበኛ ከቀትር ጀምሮ የገባም የወጣም የለም ብሎ ማለልኝ። ማዳም ግን አይታታለች፣ አነጋግራታለች፣ በማግስቱ ቁርስ ሳቀርብላት «ያቺ ምስኪን እህቷን አገኘቻት ይሆን?» ብላ ጠይቃኛለች፣ ስለዚህ ቅዠት ነበር እንዳትሉኝ።

ያኑ አርብ እዚያው በረሃው ላይ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት፣ ያነሳው ሰይድ ነው።

«ሆስፒታል ነን ዘሃራ። ከጠዋት ጀምሮ ራሷን አታውቅም፣ ትኩሳቱ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል ይላሉ።»

«ምንም አልተናገረችም?»

«ቅድም አንዴ ተናግራለች፣ የሚገርመው በአረብኛ ነው፣ አፍዋን ተሳስቼ ነው አለች። እኔ ቤት አረብኛ ተናግራ አታውቅም።»

አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚህ በኋላ እንኳ ለማዳም እውነቱን ለመናገር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ይሄኛው ከሁሉ ያሳፍረኛል። በመጨረሻ አልቅሼ ስነግራት አፍጥጣ አየችኝ። «አራት ዓመት ሙሉ እህት እያለሽ? እኔ እኮ ዘመድ ስለሌላት ነው አርብ አርብ የማትወጣው እል ነበር! ብትነግሪኝ አልከለክልሽም ነበር» አለችኝና በራሷ መኪና ፊንጣስ አደረሰችኝ።

እታለም ከሆስፒታል ወጥታ ነበር። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ፣ ከሳ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ።

«ግቢ እህቴ፣ ብርድ ነው» አለችኝ፣ ሰው የማያውቃትን ሴት እንደሚያስተናግድ።

ሰይድ አንገቱን ደፋ። ሁሉንም ታስታውሳለች፣ ባሏን፣ ጎረቤቶቿን፣ አገር ቤት ያለውን የእናታችንን ቤት፣ እኔን ብቻ ረስታለች። ሐኪሙ ቀስ እያለ ይመለስላታል ብሏል አሉ፣ ልጅ ሳለች ማንን ታዝል እንደነበር ስጠይቃት ግን ትንሽ አሰበችና «ማንንም» አለችኝ።

የሚገርማችሁ ቃሏን ሁሉ ፈጸመችልኝ። ባሕሩ ዳርቻ ወጣን፣ ነፋሱ እንዳይመታኝ ሻሿን ልታለብሰኝ ታገለች፣ ተመልሰን ለገይማት ጠበሰችልኝ፣ ሄሉ ያው እንደበዛ ነው። አትኩራ ታየኝ ነበር።

«መልክሽን የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ» አለችኝ። «አሸዋ ነበረበት። በረሃ ግን ሄጄ አላውቅም።»

ሰይድም «ሄዳ አታውቅም» አለ።

ልሄድ ስነሳ የተረፈውን በዕቃ አድርጋ፣ ለእንግዳ እንደሚሰጠው በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

«እዚህ አገር ዘመድ የለሽም?»

«እህት አለችኝ» አልኳት። ኩዌት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈራ፣ ሳላለቅስ ጮክ ብዬ ያልኩት ያኔ ነው።

«ታዲያ በአርብ ቀን እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂና ጠይቂያት እንጂ፣ ትጠብቅሽ ይሆናል» ብላኝ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ አንድም አርብ ቀርቼ አላውቅም፣ እሷም አንድም አርብ ስሜን ሳትጠይቀኝ ቀርታ አታውቅም።