ከጠርዙ ያለፈው መስመር

እኔ እኮ ሟርትና ሕልም ሲወራ ጥዬ የምሄድ ሰው ነኝ፣ የፊዚክስ ተመራቂ ነኛ፣ ያየሁትን እንኳ ካልለካሁት አላምንም፣ የዚያን ማክሰኞ ከሰዓት ነገር ግን እስከ ዛሬ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

ከላሊበላ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ የአለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰው እርምጃ ግድግዳውን ምን ያህል እንደሚያነዝረው እንድለካ ተልኬ ነበር፣ ንዝረቱ ከበዛ ልትዘጋ ነው። ቁልፍ ያዡ አባ ኪሮስ ይህን ስለሰሙ ከጎኔ አይጠፉም።

ያን ዕለት መንደርተኛው ለአንድ ለአምስት ስብሰባ ሄዷል፣ ጉም ደጁን ሞልቶታል፣ እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ሦስቱን መለኪያዎች ነቅዬ አመጣሁና ንባባቸውን ላፕቶፔ ላይ በፓይተን ፕሮግራም ሦስት ግራፍ አድርጌ፣ ሰዓታቸው እንዲገጥም አንዱን ካንዱ ሥር ደረደርኩ። በመቅደሱ በኩል የነበረው ሦስተኛው አልገጥም አለ። ስፈትሽ ለካ የእሱን ሰዓት የሞላሁት በሐበሻ አቆጣጠር ኖሯል፣ ስድስት ሰዓት ልዩነት፣ በራሴ ስቄ አስተካከልኩት።

አሁንም ከሁለቱ ጠርዝ አልፎ ወደ ቀኝ ወጣ። አስሬ ባሰልፈው አስሬ ይወጣል፣ ባሰለፍኩት ቁጥር ደግሞ ከተቆለፈው የቤተ ክርስቲያኗ በር ኋላ መቋሚያ ድንጋይ ሲነካ ዓይነት ድምፅ ይሰማል፣ እመኑኝ፣ የአባ መቋሚያ ጉልበታቸው ላይ ነበር። ቀኑን ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ሁለቱ ግራፎች ማክሰኞ ያልቃሉ፣ ሦስተኛው ረቡዕንና ሐሙስን አልፎ ዓርብ ንጋት ላይ ይቆማል፣ መለኪያው ግን እጄ ላይ ነው።

አባ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አኖሩ። በየንጋቱ ብቻቸውን ገብተው የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፣ የእርምጃቸው ምልክት የትኛው እንደሆነም ቀደም ብዬ አሳይቻቸው ነበር።

«ይኼ የኔ እርምጃ ነው። ዓርብ ገብቼ አልወጣሁም ማለት ነው?» አሉ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ የምታውቀው ካለ ንገረኝ፤ የንስሐ አባቴ ያሉት ብልባላ ነው፣ ተናዝዤ እመጣ ነበር» አሉኝ።

ፈራሁ፣ ሽማግሌ ማስደንገጥም ከበደኝ። «ማሽኑ ተሳስቷል፣ አባ» ብዬ ትርፉን ቆረጥኩት፣ ሦስቱም እኩል ሆኑ፣ እሳቸውም መርቀውኝ ተረጋጉ።

ዓርብ ጠዋት መቅደሱ ደጃፍ ላይ ሞተው ተገኙ። ቤተ ክርስቲያኗ አልተዘጋችም፣ ሪፖርቴም ተመሰገነ። በኋላ ያንኑ ንባብ ሳይቆረጥ ከመለኪያው አውርጄ እንደገና ሣልኩት፣ ሦስተኛውም እንደ ጓደኞቹ ማክሰኞ ላይ ያልቃል፣ አንዲት ትርፍ የለውም፣ ምን እንዳየን ለማንም ማስረዳት አልችልም። ብልባላ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ነበራቸው፣ እኔን አምነው ቤታቸው ተቀመጡ።