ቀጭኗ ቱቦ

«ስንት ሆነ?» አለች ልክነሽ፣ ግማሽ አካሏ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ እንደተቀበረ።

«ስምንት ደቂቃ» አለ ደግፌ ስልኩን እያየ።

ዕድላዊት የአባቷን የደግፌን ፊት አየች። ረቡዕ ዕለት ዘይት ሳያፈስ የቆየው አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር። ሐሙስ አሥር። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ዛሬም ካልቆየ ደግሞ ሌላ «ሲል» የለም። ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው ያ የጎማ ቀለበት፣ ከሐዋሳ በአውቶቡስ ተልኮ የመጣው፣ የመጨረሻው ነበር።

አፈር የሚዝቀው ትንሹ ሎደር ጋቢናው ወደ ላይ ተገልብጦ፣ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው አፉን ከፍቶ ቆሟል። ልክነሽ በማለዳ መጥታ የሃይድሮሊክ ፓምፑን በናፍጣ አጥባ፣ በጨርቅ አድርቃ፣ ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ነስንሳበታለች። ዱቄቱን በሻይ ብርጭቆ ከቤት ያመጣችው ዕድላዊት ናት። «ዘይት ከየት እንደተነሣ አይናገርም፤ ሁሉን አርጥቦ ያደናግርሻል» ብላት ነበር ልክነሽ። «ዱቄት ግን አይዋሽም። መጀመሪያ የጠቆረበት ቦታ፣ ቁስሉ እዚያ ነው።»

«ዘጠኝ» አለ ደግፌ።

ፓምፑ ከሞተሩ ጋር በተጋጠመበት ጥግ፣ ዱቄቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ነጥብ ጠቆረች። ዕድላዊት ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ነጥቧ ጣት አክላለች። ከዚያ መስመር ሆነች፤ መስመሩም ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ።

«ያጥፉት፣ ጋሽ ደግፌ» አለች ልክነሽ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም።

ሞተሩ ሲጠፋ የኩልፎ ድምፅ መጣ። ወንዙ ውሃ ሞልቶታል፤ ውሃው ግን ወደ ሙዙ አይመጣም። ከሦስት ሳምንት በፊት ከተራራው የወረደ ጎርፍ የመስኖውን ቦይ አፍ በአሸዋና በድንጋይ ጠቅጥቆት ሄዷል። ሰዉ በአካፋ ሞክሮ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ ተዛቀ፣ የተጠረገው የአንድ ቤት ወለል አያህልም። ትልቅ ማሽን እንዳይገባ በማሳዎቹ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው። የሚገባው ይሄ የሙዝ ገበሬዎቹ ማኅበር ትንሽ ሎደር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ይኸው ያለቅሳል። ሙዞቹ ቅጠላቸውን ከመሃል እንደ መጽሐፍ አጥፈው ቆመዋል። ሙዝ ሲጠማ እንዲያ ነው የሚያደርገው። ዕድላዊት ጠዋት ጠዋት ስታልፍ የታጠፉትን መቁጠር ጀምራ ነበር፤ ትናንት ተወችው።

ማንጎው ጥላ ሥር የተቀመጡት የማኅበሩ አባላት ጠብታውን ከዚያው ሆነው አይተውታል። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ዘካሪያስ ተነሥተው የሱሪያቸውን አቧራ አራገፉ።

«ደግፌ፣ መቼም አልነገረኝም አትልም። ሦስተኛ ነው!»

«አየሁ፣ ጋሽ ዘካሪያስ።»

«እኔ ልጅቷን አልናቅኋትም። ተምራለች፣ ይሁን። ግን ይሄ ማሽን ነው፣ ጥልፍ አይደለም። ‹ሥራው ለእሷ ይሰጥ› ብለህ ሰው ሁሉ ፊት የቆምከው አንተ ነህ።»

ደግፌ አንገቱን አቀረቀረ። ልክነሽ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ጋራዥ ከከፈተች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ስትሠራ ሰው ያደንቃታል፤ ከዚያ ከፍ ያለ ነገር ሲመጣ ግን ወንድ ይፈለጋል። ይሄ ሎደር የመጀመሪያዋ ነበር።

ከጥላው ሥር ጋሽ አበጋዝ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ዱላቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መቱ። «ጎሜ ነው ይሄ፤ የተደበቀ በደል» አሉ።

አንዳንዱ ሳቀ። ጋሽ ዘካሪያስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «በጌታ ስም፣ ጋሽ አበጋዝ! ብረት ደግሞ ጎሜ አለው?»

«ብረት የለውም። ያለው ሰው ነው።» ጋሽ አበጋዝ አልሳቁም። «በእኛ ጊዜ ላም ወተት ስትከለክል፣ ልጅ ሲታመም፣ መጀመሪያ መድኃኒት አይደለም የሚፈለገው። ‹ማን ምን ደበቀ?› ተብሎ ነው የሚጠየቀው። የደበቀው ሰው ዱቡሻ ላይ፣ በሽማግሌዎች አደባባይ፣ ቆሞ ይናገራል፤ ሲናገር ይወጣለታል። እናንተ ጎማ ትቀይራላችሁ፣ ጎማ ትቀይራላችሁ።»

«እንግዲያውስ ሎደሩን ዱቡሻ ላይ እናቁመውና ይናዘዝ!» አለ አንዱ። ሳቁ ከማንጎው ላይ ወፎቹን አስነሣቸው።

ልክነሽ ከማሽኑ ሥር ወጣች። ፊቷ ዘይትና ዱቄት ሆኗል። ማንንም ሳታይ ከቱታዋ ኪስ ሐሙስ ዕለት ያወጣችውን ቀለበት አውጥታ ለደግፌ ሰጠችው።

«ይሄን ይዩት። አልተቀደደም፤ ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ጎማው ደክሞ አይደለም። ከውስጥ የገፋው ነገር አለ።» ቁጢጥ ብላ በካቻቢቴ ጫፍ አሸዋው ላይ ሣለች። «ይሄ ፓምፑ ነው። ሆዱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ዘይት ይተርፋል። የተረፈው በዚህች በቀጭኗ ቱቦ ቀስ ብሎ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። እሷ ብትዘጋ ዘይቱ መውጫ ያጣል። መውጫ ሲያጣ ደካማ ቦታ ይፈልጋል፤ ሲሉን ገልብጦ ይወጣል።»

«ታዲያ እሷ ተዘግታ እንዳይሆን?»

«እሷማ ንጹሕ ናት። አፏን በፌስታል በገዛ እጄ አስሬ፣ በገዛ እጄ ነው የፈታኋት። ልጅዎ ደግሞ እንደ ዓይኗ ብሌን ስትጠብቃት ነበር።» ለዕድላዊት ፈገግ አለችላት፤ ደክሟት፣ ግን ከልቧ። «ከእጄ ነው፣ ጋሽ ደግፌ። የሆነ ነገር አበላሽቻለሁ። ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም።»

ዕድላዊት አሸዋው ላይ የተሣለችውን ቀጭን መስመር አየች። ያደረገችው ትዝ አላት።

ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። ልክነሽ ሰኞ ዕለት ፓምፑን ፈታ ወደ ጋራዥዋ ስትወስድ፣ ተከፍተው የቀሩትን ቱቦዎች አፋቸውን በፌስታል ሸፍና፣ በከመነዳሪ ቁራጭ አስራ ነበር። «አንድ ቅንጣት አሸዋ ፓምፕ ይገድላል። አደራሽን» አለቻት። ዕድላዊት የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ናት፤ ከሰዓት ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጣ የመጠበቅ አደራ ወሰደች። ማክሰኞ ግን ጫሞ ሐይቅ ላይ ደመናው እንደ ታንኳ ተሰልፎ ነበር፤ እሷም ጀርባዋን ለማሽኑ ሰጥታ የትኛው ቀድሞ ሴቻ ሰፈር እንደሚደርስ ስትመለከት ቆየች። ዘወር ስትል የክፍሏ ልጅ የእነ ናትናኤል ፍየል የቀጭኗን ቱቦ ፌስታል እያላመጠች ነው።

ከናትናኤል ጋር ፍየሏን እያሯሯጡ እስኪያማቸው ሳቁ። ሲመለሱ ነፋሱ አሸዋ ያግዛል፤ የቱቦዋ አፍ ክፍት ነው፤ ፌስታል የለም። ዕድላዊት ደረቅ የሙዝ ግንድ ቅርፊት ገነጠለች፤ ጠቅልላ ቱቦዋ ውስጥ ወተፈች። እንዳይወድቅ በጣቷ ወደ ውስጥ ገፋችው። ወደ ማታ ከቤት ፌስታል አምጥታ፣ ላዩን ልክ እንደነበረው አሰረችው። መሽቶባት፣ ነገ ከትምህርት ስመለስ አወጣዋለሁ ብላ ነበር። ረቡዕ ስትመለስ ግን ፓምፑ ታስሯል፣ ሞተሩ ይጮኻል። ልክነሽ አይታ አውጥታዋለች ብላ ራሷን አሳመነች። ሰው ማመን የፈለገውን ለማመን አይደክመውም።

«ዕድል፣ ምን ሆነሽ?» ናትናኤል ነው፤ የጋሽ ዘካሪያስ ልጅ። ስልኩን አውጥቶ ጠብታውን ሲቀርጽ ነበር። «ዱቄቱን አንቺ ላይ ነው እንዴ የነሰነሱት?»

ከሎደሩ ኋላ ጎትታ በሹክሹክታ ነገረችው። ስልኩ ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

«የእኛ ፍየል?»

«የእናንተ ፍየል።»

«አቦ! አባዬ ዛሬውኑ ነው የሚያርዳት!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ ዝም በይ በቃ። ሰኞ ከሶዶ ሌላ ሰው ሊያስመጡ ነው። እሱ ፈታትቶ ያወጣዋል። አለቀ ደቀቀ።»

«እህት ልክነሽስ?»

«እሷ ምን ትሆናለች? ባጃጇን ትሠራለች።»

«‹ሦስት ጊዜ አቅቷት ወንድ መጥቶ ሠራው› ነው የሚባለው እኮ፣ ናቲ።»

ናትናኤል «እኔንጃ» አለ፤ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እኔ ምንም አላየሁም፤ እሺ?» ብሎ ወደ አባቱ ሄደ።

ሰዎቹ ክርክር ውስጥ ገብተዋል። አባቷ ከዳር ተቀምጦ ሣር ይነጫል። ልክነሽ ቁልፎቿን አንድ በአንድ እየጠረገች ወደ ሣጥኗ ትመልሳለች። ሎደሩ ብቻውን ነው።

ዕድላዊት የተረሳ ካቻቢቴ ከመሬት አንሥታ ወደ ማሽኑ ሆድ አጎነበሰች። ጸጥ ብላ ብታወጣውስ? ማንም ሳያውቅ፣ የማንም ስም ሳይጠፋ? ቀጭኗ ቱቦ የታሰረችበት የብረት ቀለበት ዞረላት፤ ላላ። ቱቦዋን ስትስባት የታፈነ ዘይት ተፍ ብሎ ወጣና ክንዷ ላይ ፈሰሰ። ትኩስ ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ቻለችው። ትንሿን ጣቷን ቱቦዋ ውስጥ ሰደደች። ምንም የለም። ጥልቅ አደረገችው። የጥፍሯ ጫፍ አንድ ሸካራ ነገር ነካ።

ሳበችው። ክር ክር እያለ መጣ፤ ዘይት የጠጣ ጥቁር ልጥ። አንድ ጣት ያህል ወጣና ተበጠሰ።

እንደገና ጣቷን ከተተች። አልደረሰም። በእንጨት ሞከረች፤ እንጨቱ የቀረውን ይብሱን ወደ ውስጥ፣ ወደ መታጠፊያው ገፋው። በካቻቢቴው ልትሞክር አለችና ቱቦዋን ከውስጥ እንዳትበሳት ፈርታ ተወች። በችኮላ የወተፈችውን ነገር አሁን ነፍሷን ብትሰጥ አታወጣውም። ያንን ቱቦ ከሁለት በኩል ፈትቶ፣ አየር ነፍቶበት የሚያጸዳው፣ ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ቁጭ ብላ ማልቀስ አማራት። እንባው ግን እምቢ አለ። ውሃው ከኩልፎ፣ ዘይቱ ከፓምፑ፣ እንባው ከእሷ፤ ዛሬ ምንም ነገር በመንገዱ አልሄድ ብሏል።

ልጡን በእጇ ጨብጣ ወደ ልክነሽ ሄደች። ልክነሽ ቀና አለች። የዕድላዊት ክንድ እስከ ክርኗ በዘይት ጠቁሯል፤ ዘይቱ ላይ ዱቄቱ ተለጥፏል።

«እጅሽን ምን ነካው?»

ዕድላዊት ጭብጧን ከፈተች። ለመናገር አፏን አላቀቀች፤ የወጣው ግን «ቀጭኗ...» የሚል ብቻ ነው።

ልክነሽ ልጡን አየች። ሎደሩን አየች። ተንጠልጥላ የምትንጠባጠበውን ቱቦ አየች። የያዘችውን ቁልፍ ቀስ ብላ ሣጥኑ ላይ አኖረችና ራሷም ከጎኑ ተቀመጠች።

«ከማክሰኞ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ።»

«ሦስት ሲል» አለች ልክነሽ ለራሷ። «ሦስት ሌሊት እኮ አልተኛሁም፣ ልጄ። እጄን ነው የጠረጠርኩት።» መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ እንደ አዲስ ነገር። አለመቆጣቷ ከቁጣ ይልቅ ከበደ።

«ቀሪው ውስጥ ነው ያለው?»

«መታጠፊያው ጋ። አቃተኝ።»

«እሱን እኔ አወጣዋለሁ። ሲሉ እስኪመጣ ግን አራት ቀን ነው፤ ሙዙ አራት ቀን ይቻል አይቻል እንጃ።» ልክነሽ ወደ ማንጎው አየች፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ። ድምጿን አለዘበች። «ከፈለግሽ እኔ ልንገራቸው። ‹ቱቦዋ ተደፍና ነበር፣ አገኘሁት› እላለሁ። ማን ደፈናት ቢሉ፣ አላውቅም።»

ከማንጎው ሥር የጋሽ ዘካሪያስ ድምፅ ይመጣል፤ «ያንን የሶዶውን ሰውዬ ስልክ ማን ነው ያለው?» እያሉ ነው። ከዳር የአባቷ ማጅራት ይታያል። ያ ማጅራት እንዲህ ታጥፎ አይታው አታውቅም፤ ከሙዙ ቅጠል ጋር አንድ ሆኗል።

«አይ» አለች ዕድላዊት። «አንቺ አታውቂም አትበይ። ታውቂያለሽ።»

ሄደች። ሃያ ርምጃ ያህል ነው፤ ሃያውም ረዘመባት። ናትናኤል ሲያያት ዓይኑን ሰበረ፤ ወዲያው ግን ስልኩን ኪሱ ከትቶ ተነሥቶ ቆመ። አባቷ ቀና ሲል የክንዷን ዘይት አይቶ ሊጮህ አፉን ከፈተ።

ጋሽ አበጋዝ ቀደሙት። እጇን አዩ፤ እጇ ውስጥ ያለውን አዩ። እግራቸው ሥር አጋድመውት የነበረውን ዱላ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉና ትንሽ ፈቀቅ አሉ፤ በሰዎቹ መካከል አንዲት ሴት ልጅ የምትቆምባት ቦታ ተገኘች።

ዕድላዊት እዚያ ቆመች። ጥቁሩን ልጥ መሬት ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አኖረችው።