የታጠበው አፈሙዝ

ታውኖ ሃካላ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው፤ የእንፋሎት መታጠቢያው ሳውና ግሎ፣ ፎጣው ተዘርግቶ፣ ሰው እሱን ሲጠብቅ። ከቤቱ ጎን ያለውን፣ ድሮ የላም ጋጣ የነበረውን የብረት መወልወያ ሥራ ቤት ከፍተው ሲገቡ ምድጃው ሥር በሆዱ ተደፍቶ አገኙት። ጠረጴዛው ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ንዑስ መትረየስ ተጋድሟል፤ ሱኦሚ ነው፣ የሀገራችን ሥራ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ።

እውነቱን ልናገር፤ በመንደራችን ለታውኖ እንባ ያወጣ ሰው የለም። ክፉ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አሮጌ መትረየስ ሲሰበስብ ኖረ። የእኛን ሀገር፣ የጀርመኑን፣ እንግሊዝ በችኮላ የጠፈጠፈውን ሁሉ በፈቃድ ገዝቶ ግድግዳው ላይ ደረደረ፤ እንደ ሕፃን ልጅ አጠባቸው፣ ቀባቸው። የወለደውን ልጅ ያርኮን ግን አንድ ቀን «ና ንካው» ብሎት አያውቅም። «እጅህ ላብ አለው፤ ብረቴን ታበላሽብኛለህ» ይለዋል፣ አርባ ዓመት ለሞላው ሰውዬ። በስተርጅናው ደግሞ አንድ ተንኮል ጨመረ፤ ሰኞ ሁሉንም ከተማ ወስዶ አፈሙዛቸውን አስበይዶ ሊያስደፍን ቀጠሮ ያዘ። «እኔ ከሞትኩ ወዲያ ማንም አይተኩስባቸውም» አለ። የተበየደ መትረየስ ለሰብሳቢ ሬሳ ነው። ይህንን ደግሞ እሱ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

መርማሪዋ ኢርሜሊ ኩውሴላ እሑድ ጠዋት በበረዶው መንገድ ስትደርስ ያርኮ ካቴና ገብቶለት ወጥ ቤት ተቀምጧል። የወረዳው ሳጅን ሙስቶነን ደረቱን ነፍቶ በር ላይ ተቀበላት።

«እርስዎንም ያለ ነገር አደከምንዎት ኢንስፔክተር፤ ነገሩ አልቋል» አላት። «ልጁ እኩለ ቀን ላይ ከአባቱ ጋር ተጨቃጨቀ። እንጀራ እናቱ ራይሊ ሐይቁ ዳር ለሳውናው እንጨት ስትፈልጥ ጩኸቱን ሰምታለች። ተኩስም ሰምታለች፤ ሰውዬው ሁልጊዜ ስለሚተኩስ አልገረማትም። መኪናውም ሲወጣ አይታለች። ማታ ልጁን ለዐቃቤ ሕግ አስረክባለሁ።»

«ተኩሱ ነው መኪናው የቀደመው?»

«እሱን እንኳ... መጥረቢያ እያነሳሁ ስለነበር አላስተዋልኩም ነው ያለችው።»

«አላስተዋለችም። አንተ ግን አስተውለህ አሰርከው» አለችና አልፋው ገባች።

ኢርሜሊ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ አጭር፣ ምላሷ የሚጋረፍ ሴት ናት። ሬሳው ተነስቷል፤ ደሙ ግን ወለሉ ላይ መንገድ ሠርቶ ቀርቷል። ከጠረጴዛው ይጀምርና በሩን ትቶ ወደ ምድጃው ይሄዳል።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ሆዱን ነው የተመታው። ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር ብሏል።»

«የቆሰለ ሰው ወደ በር ይሳባል ሙስቶነን። ይሄ ሰው ምድጃው ጋ ምን ፈለገ?»

«በርዶት ይሆናል።»

ምድጃው ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ አነሳችው፤ ባዶ ነው። ቀጥላ ጓንቷን አጥልቃ መትረየሱን አየችው። የጥይት ካዝናው ወልቆ አጠገቡ ተቀምጧል። መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ስባ በባትሪ የአፈሙዙን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተችና ለሙስቶነን አቀበለችው።

«እየው እስቲ። ምን ይታይሃል?»

«ምንም። ያበራል።»

«ያርኮን ያሰርኩት በዚህ ምክንያት ነው ብለህ ጻፍ እንግዲህ። ትናንት ሰው የገደለ አፈሙዝ ጥቀርሻ የለውም፤ ዘይት ብቻ ነው የሚሸተው። ሟቹ ነው ተነስቶ የወለወለው?»

እሷ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ቀለሃውን አነሳች። አንድ ብቻ ነው። ሱኦሚ ቃታው ከተያዘ ካዝናውን በአንድ ትንፋሽ የሚጨርስ መሣሪያ ነው፤ የተኮሰው ሰው የተኩስ መምረጫዋን ነጠላ ጥይት ላይ አድርጓታል። ቀለሃውን ገልብጣ ቂጡን አየች። የታተመበት ዓመት 1942 ነው፣ የጦርነቱ ዘመን። ካዝናው ውስጥ የቀሩትም እንደዚያው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ አፉን ከፍቶ የተቀመጠው የጥይት ካርቶን ግን አዲስ፣ ከሱቅ የመጣ ነው።

«ስለነዚህ ጥይቶች ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፤ ለሚስትህም ጭምር» አለችው።

ራይሊን ሳሎን ውስጥ አነጋገረቻት። ደረቅ ያለች፣ ስድሳውን ያለፈች ሴት ናት፤ ዐይኗ አላበጠም።

«አዝነዋል ወይዘሮ ራይሊ?»

«ገና አልጀመርኩም። ለሃያ ዓመት ከነብረቱ ታግሼዋለሁ፤ ጥቂት ልረፍ።»

«ሥራ ቤት ያለውን ማንቆርቆሪያ ማን ነው የሚሞላው?»

«እኔ ነኝ። ዘይት የነካ እጁን የሚታጠብበት ነው። ትናንት ጠዋት እስከ አፉ ሞልቼዋለሁ።»

«ሲተኩስ ምን ዓይነት ጥይት ነበር የሚጠቀመው?»

«ከሱቅ የመጣ አዲስ። አሮጌ ጥይት እዚህ ግቢ አይገባም። ‹የጦርነቱ ጥይት ብረት ይበላል› እያለ በየምሳው ይሰብከናል። ተኩሶ ሲጨርስ ዘይት በጨርቅ ያሻል፣ አለቀ።»

«ያርኮ ነው የገደለው ብለው ያምናሉ?»

ራይሊ ወደ ወጥ ቤቱ በር አየች። «እኔ እሱን ብሆን ገና ድሮ ገድዬው ነበር» አለች። «አዎ፣ አምናለሁ።»

በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ያርኮ ሰምቷል። ኢርሜሊ ስትገባ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ያያል፤ ትልቅ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ ግን የፈራ ልጅ ድምፅ የሆነ ሰው ነው።

«ገደልከው?»

«ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«አልገደልኩትም። ስሄድ ቆሞ ይስቅብኝ ነበር።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ሰኞ ከመበየዳቸው በፊት አንዷን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልተኩስባት አልኩት። እንደ ሰው አባት ፍቀድልኝ ብዬ። ‹በሕልምህ ተኩስ› አለኝ።» «በዚህ ጅል ጥያቄ ዕድሜ ልኬን ልታሰር ነው አይደል? እንጀራ እናቴም ፈርዳብኛለች።»

ኢርሜሊ ባዶውን መትረየስ ጥይቱ ከወጣለት ካዝናው ጋር አስመጥታ ፊቱ አስቀመጠችው። «ካዝናውን ግጠምበት» አለችው። ያርኮ አገላበጠው፤ በግልባጩ ሞከረ፣ በጎን ሞከረ፣ ጣቱን ቆነጠጠው። ሙስቶነን ከበሩ ሥር ሳቀ። «ተዋናይ ነው» አለ። «ሊሆን ይችላል» አለች ኢርሜሊ፤ ካቴናውም አልተፈታም።

መጨረሻ የተጠየቀው ቬሳ ኬስኪታሎ ነበር፤ የታውኖ የዕድሜ ልክ ጓደኛ፣ የሰብሳቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጡረታ የወጣ ብረት ቀጥቃጭ። ቤቱ ከሥራ ቤቱ ጀርባ ካለው ጥድ ማዶ ነው፤ በየቀኑ ሲመላለስባት በረዶው ላይ የረገጣት መንገድ አለችው። ጥፍሩ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነው። ማታ ከራይሊ ጋር ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው።

«ታውኖ ምንህ ነበር?»

«ወንድሜ በይው። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንወለውላለን። ትናንትም ጠዋት መጣሁ፤ ያርኮ ሲመጣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብዬ ወጣሁ። ሳውና እስኪደርስ ቤቴ ተኛሁ።»

«ሰኞ ሊያስበይዳቸው ነበር። አልከፋህም?»

«የራሱ ንብረት ነው» አለ ቬሳ። ሲናገር ግን እጁ በራሱ ጊዜ እሷ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችውን መትረየስ ከውሃ ብርጭቆው ራቅ አደረገው። ኢርሜሊ እጁን አየችው። ብድግ ብላ ሙስቶነንን ይዛ ወጣች፤ መትረየሱንም ወሰዱት። ጥቂት ቆይቶ ከሐይቁ ወገን አከታትሎ የሚጮህ ተኩስ ተሰማ።

ከምሳ በኋላ ሁሉንም ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ራይሊ ምድጃው ጥግ ቆመች፣ ያርኮ ካቴናውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፣ ቬሳ መስኮቱ ሥር።

«ብዙ አላቆያችሁም» አለች ኢርሜሊ። «ሙስቶነን ለምርመራ ካዝናው ውስጥ የቀሩትን ጥይቶች ተኩሶባታል። ዘይት ቀብተን በላስቲክ ጠቅልለን አሽገናታል። ላቦራቶሪው ሥራ ስለበዛበት ከሁለት ሳምንት በኋላ ያያታል። እስከዚያ ያርኮ...»

«አጥባችኋታል?» አለ ቬሳ።

«ዘይት ቀብተናታል አልኩ እኮ።»

«ዘይት ምን ያደርግላታል!» ቬሳ ተነሥቶ ቆሟል። «የጦርነቱ ጥይት ጨው ነው የሚተፋው። በላስቲክ ጠቅልላችሁ? በፈላ ውሃ ካልታጠበች ነገ ዝገት ይጀምራታል፣ ሁለት ሳምንት ውስጥ ቱቦዋ ያልቃል። እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም እንዴ? ፍቱና ስጡኝ፣ እኔ አጥባታለሁ።»

ራይሊ ቀስ ብላ ወደ ቬሳ ዞረች።

«የትኛው የጦርነት ጥይት?» አለች ኢርሜሊ።

ቬሳ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

«ጠረጴዛው ላይ ያለው ካርቶን አዲስ ነው። ታውኖ አሮጌ ጥይት ወደ ግቢው አያስገባም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ካዝናው ውስጥ ምን እንዳለ የምናውቀው እኔና ሙስቶነን ነን። ሦስተኛው ካዝናውን የሞላው ሰው ነው።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እኔ ከአፈሙዙ ነው የጀመርኩት። ገዳይ ከገደለ በኋላ ይሮጣል፤ አሻራ ይጠርጋል ቢባል እንኳ ከላይ ነው የሚጠርገው። የቱቦውን ሆድ ማጠብ ማን ያስታውሳል? ብረቷን ከራሱ ነፍስ አብልጦ የሚወድ። በመምረጫዋ ነጠላ ጥይት ተኩሷል፤ ስለዚህ ያውቃታል። ያርኮ ካዝናዋን እንኳ መግጠም አልቻለም። እያስመሰለ ነው ብንልም፣ አባቱን ገድሎ አባቱ ዘላለም ያልፈቀደለትን ብረት ቁጭ ብሎ አይንከባከብም። ወይዘሮ ራይሊ ደግሞ የሚያውቁት ዘይት ማሸት ብቻ ነው፤ ማንቆርቆሪያው ግን ባዶ ነበር። ውሃ የሚያፈላው የጦርነቱን ጥይት የተኮሰ ሰው ነው። አንተ ከዚህ አልወጣህም ቬሳ። በጓሮ በኩል ጠብቀህ፣ ያርኮ ሲሄድ ተመልሰህ ገባህ።»

ቬሳ መልሶ ተቀመጠ። መካዱ ደከመው መሰለኝ።

«ልገድለው አልመጣሁም» አለ። «ጥይቶቹ የአባቴ ናቸው፤ ከጦርነቱ ተርፈው ጣሪያ ሥር ነበሩ። ከመሞቷ በፊት በገዛ ዘመኗ ጥይት አንድ ጊዜ ታሰማን አልኩት። ለመንኩት። ሳቀ። ‹ሰኞ መበየጃውን አንተ ትይዛለህ፤ ለዚህ ነው የምወስድህ› አለኝ። እሷ እጄ ላይ ነበረች።»

«ከዚያ አጠብካት።»

«ዝገት ሊበላት ነዋ። ሊተዋት ነው እንዴ ሰው?»

«ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት በሕይወት ነበር ብሏል» አለች ራይሊ። «ምንም አላለህም?»

«ውሃ ጠየቀኝ። እየተሳበ መጣ።»

«ሰጠኸው?»

«ማንቆርቆሪያው አንድ ነበር» አለ ቬሳ፤ ይህ ለሁሉም ግልጽ የሆነ ነገር እንደሆነ አድርጎ። «ለእሷም በቂ አልነበረም።»

ራይሊ ያን ጊዜ አለቀሰች። ሃያ ዓመት ላናደዳት ሰው፣ ምድጃው ላይ ተደግፋ፣ ድምፅ አውጥታ። ሙስቶነን የያርኮን ካቴና ፈትቶ፣ ዐይኑን ሳያነሳ፣ ቬሳ እጅ ላይ አጠለቀው።

ቬሳ ሲነሣ ግን ወደ ኢርሜሊ ነው ያየው። «እውነት ተኩሳችሁባታል?»

«አልተኮስንባትም። የሙስቶነንን ሽጉጥ ነው የሰማኸው።»

ፊቱ ላይ እፎይታ ታየ። እንደዚያ ያለ እፎይታ ሰው ልጁ ከሕመም ሲድን ነው የሚያሳየው። እኔ እንኳ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከዚያም ወደ ያርኮ ዞረና በልምምጥ ጀመረ። «ያርኮዬ፣ አሁን ያንተ ናት። አታስበይዳትም አይደል? ለማኅበሩ ስጣቸው፤ እነሱ ያውቃሉ። አደራህን ልጄ።»

ያርኮ የእጁን አንጓ አሻሸ። ትናንት ማታ እጁ ላይ ካቴና ሲገባ ቬሳ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ» ብሎታል።

«አላስበይዳትም» አለ ያርኮ።

«ተባረክ።»

«ሳውናው ውስጥ ነው የምሰቅላት፤ ከጋለው ድንጋይ በላይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ ስደፋ እንፋሎቱ እሷ ላይ ይውጣ። ዘይት አልቀባትም። በየወሩ ፎቶ አንስቼ እስር ቤት እልክልሃለሁ፤ የት እንደደረሰች ታያለህ።»

ቬሳ ወደ ያርኮ ተወረወረ፤ ሙስቶነን ክንዱን ይዞ አስቀረው። «ኧረ በሕግ አይቻልም» አለ ሙስቶነን ግራ ተጋብቶ፤ «ፈቃድ ሳይኖረው እንዲህ ያለ መሣሪያ ማን...»

«ዝም በል ሙስቶነን» አለች ኢርሜሊ። ኮቷን ለበሰች። «ይዘኸው ውጣ።»

ቬሳን ወደ መኪናው ሲወስዱት ጩኸቱ ሐይቁ ማዶ ድረስ ተሰምቷል። ያርኮን እየጠራ ነበር፤ እንዲምረው ግን አልነበረም፤ የሥራ ቤቱን በር ክፍት እንዳይተወው፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ብረቶች እርጥበት እንዳይነካቸው ነበር የሚለምነው። ያርኮ ሥራ ቤቱን በሰፊው ከፍቶ፣ በሩ እንዳይዘጋ ድንጋይ አስደግፎበት፣ ወደ ቤት ገባ።