ውኃ የማይንከባለልበት በር

ሾፌሩ ጀማል በኩዌት፣ በጃብሪያ ሠፈር በሚገኘው የአሠሪዎቹ ቪላ ግቢ ውስጥ፣ ከአዲሱ ነጭ መኪና አጠገብ፣ ጭንቅላቱ ከእብነ በረዱ ደረጃ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው የቤቱ ሠራተኛ ብርቱካን ናት። ጮኻ ጎረቤቱን የቀሰቀሰችውም እሷ ናት። ጉድ እኮ ነው፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በካቴና የታሰረችውም እሷው ናት!

የፖሊሱ ሻለቃ ሀብተ ወልድን ያስጠራው ለአስተርጓሚነት ነበር። ሀብተ ወልድ ኩዌት ሲቲ ውስጥ የአንድ ኩባንያ ሾፌር ነው። አማርኛ ተናጋሪ በተያዘ ቁጥር ግን የሠፈሩ ፖሊስ ይደውልለታል። አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት የወንጀል መርማሪ እንደነበር ሻለቃው ያውቃል፤ ማወቁ ግን ብዙም አልተመቸውም።

«ቃሏን ቶሎ ተርጉምልኝና እንገላገል» አለው ሰዓቱን እያየ። «ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ወደ ዋናው ምርመራ ትሄዳለች።»

ሀብተ ወልድም ሰዓቱን አየ። እዚያ ከገባች በኋላ የእሱን አስተርጓሚነት የሚፈልግ፣ የእሷንም እንባ የሚሰማ እንደማይኖር ያውቃል። አራት ሰዓት ቢቀረው ነው።

«ምን አግኝታችሁ ነው የያዛችኋት?»

«የመኪናው በር ላይ ደም ነበር፤ ታጥቧል። በስንጥቁ ውስጥ ግን ቀርቷል። ቀረብ ብለህ አሽተው፤ ሎሚ ሎሚ ይላል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው። ጠርሙሱ ወጥ ቤት አለ፤ ወጥ ቤቱ የእሷ ነው። አሠሪያቸው ማዳምም ትናንት ሲጣሉ ሰምታለች። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ሀብተ ወልድ ሲጨንቀው መቆም አይችልም፤ መኪናውን አንዴ ዞረው፣ እንደገና ዞረው። የትናንቱ ጦዝ፣ ያ የበረሃ አቧራ፣ መኪናውን አልብሶታል። የታጠቡት የግራው በር፣ የግራው ፓራፋንጎና የፊቱ መስታወት ብቻ ናቸው። የጀማል ሁለት ባልዲዎች ግድግዳ ሥር በደረቁ ተደፍተዋል። የዝናብ መጥረጊያዎቹ ደግሞ ከመስታወቱ ተነሥተው፣ መልሱን እንዳወቀ ተማሪ እጅ ወደ ላይ ቆመዋል።

«እነዚህን ማን አነሣቸው?»

«እንዲሁ ነው ያገኘናቸው» አለ አንዱ ፖሊስ።

ብርቱካን ወጥ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ስታየው ተንፈቀፈቀች።

«ጋሼ፣ በማርያም፣ እኔ አልነካሁትም!»

«ተረጋጊ ልጄ። ትናንት ለምን ተጣላችሁ?»

«እንዴት አንጣላ! ሐሙስ ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ትኬቱ ተቆርጦ፣ እናቱ ኮምቦልቻ ሆነው በር በሩን እያዩ፣ ድንገት አልሄድም አለኝ። ለምን ስለው፣ ለዚህ ብረት! ‹ዓመት ሳይሞላው ለማንም እጅ አልተወውም፣ ለጀማሪ ሰጥቼው ቀለሙን ሊያበላሸው ነው› አለኝ። አብደሃል ብዬ ጮህኩበት። የመጨረሻ ቃሌ ስድብ ሆነ፣ ጋሼ።»

«መኪናውን አንቺም ታጥቢያለሽ?»

«አርብ አርብ፣ እሱ ሲያርፍ።»

«በምን?»

ነገረችው። እሱም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማትና ወጣ።

ማዳም ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ልጇ ዒሳ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል። ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ የለውም። ጀማል በቀደም ቁልፍ ሲከለክለው «እገድልሃለሁ» ብሎ መዛቱን ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«ተኝቼ ነበር» አለ ሳይጠየቅ።

«ጀማል ሐሙስ ሲሄድ ማን ሊተካው ነበር፣ ማዳም?» አለ ሀብተ ወልድ።

«ሀምዛ። ያ ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ መኪና የሚያጥበው። ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ወደ እኛ ላዛውርለት ቃል ገብቼ ነበር። ጀማል ትናንት ማታ እቆያለሁ ሲለኝ፣ ‹እንግዲያው አንተው ንገረው› አልኩት። ይኼ ከሞቱ ጋር ምን አገናኘው?»

«እንጃ፣ ማዳም» አለና ወጣ።

ሀምዛን ከአጥሩ ውጪ፣ ባልዲና ጨርቁን አጠገቡ አስቀምጦ አገኘው። ጅሊብ በሚባለው የሠራተኞች ሠፈር ከስድስት ሰው ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ እየመጣ የመንገዱን መኪና ሁሉ የሚያጥብ፣ ሥራ የሚወድ የአገሩ ልጅ ነው። ዐይኑ ቀልቷል።

«ዛሬ አላየሁትም ጋሼ። ከመንገዱ ታችኛው ጫፍ ነው የጀመርኩት። ምስኪን! ሐሙስ አገሩ ሊገባ ነበር።»

«ኢቃማህ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«በወሩ መጨረሻ።»

«አይዞህ። ና እስቲ፣ የሻለቃውን መኪና ጦዙ መልክ ነስቶታል። ሰዎቹ እስኪሰበሰቡ እጠብለት።»

ሻለቃው ሰዓቱን እያሳየ አጉረመረመ፤ ሀብተ ወልድ ግን ማዳምን፣ ዒሳንና ብርቱካንን ግቢው ውስጥ አቁሞ በዐረብኛ ጀመረ። ሀምዛ ከጀርባቸው ክፍት በሆነው የግቢ በር አጠገብ የፖሊሱን መኪና ያሻል።

«ሻለቃ፣ ‹ሳሙናው የወጥ ቤት ነው፤ ስለዚህ የወጥ ቤቷ ሴት ናት› ብለዋል። አሁን ይዩ።»

በኩባያ ውኃ ቀድቶ በቀኙ በር ላይ ረጨ። ከነአቧራው እንኳ ውኃው ተሰብስቦ፣ እንክብል እንክብል እየሆነ ወረደ። በግራው በር ላይ ሲረጭ ግን ውኃው ተንጣልሎ፣ ለጥ ብሎ ቀረ።

«ብርቱካን እንደነገረችኝ፣ ጀማል ይህን መኪና በጥላ ሥር ሦስት ቀን ሙሉ ዋክስ፣ የቀለም ማሳመሪያ ሰም፣ ሲቀባ ከርሟል። ዋክሱ ውኃን አያስጠጋም፤ ለዚህ ነው በቀኝ በኩል የሚንከባለለው። የዕቃ ሳሙና ቅባት ይበላል፤ ዋክሱንም ከግራው በር ላይ በላው። ባልዲዎቹም ደረቅ ናቸው። ስለዚህ ይህን በር ያጠበው ጀማል አይደለም። ብርቱካንስ ናት? ማዳም፣ ብርቱካን ይህን መኪና የምታጥበው በምንድን ነው?»

ማዳም ግራ ተጋባች። «በመኪና ሻምፖ ነው እንጂ! ባልዲውም ሁለት ነው፤ አንዱ ለአረፋ፣ አንዱ ለማለቅለቂያ። በፊተኛው መኪና ጊዜ በወጥ ቤት ሳሙና ስታሸው አግኝቼ ሠፈሩ እስኪሰማ ጮኼባታለሁ። ከዚያ ወዲያ ያንን ሳሙና ግቢ ይዛ ወጥታ አታውቅም።»

«ይኸውልዎ፣ ሻለቃ። ሻምፖው እዚሁ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ በዚያ ሳሙና ሊያጥበው የማይችል አንድ ሰው ቢኖር እሷ ናት። ይህን ያደረገው የዚህን መኪና ነገር የማያውቅ ሰው ነው።»

የሁሉም ዐይን ወደ ዒሳ ዞረ። የልጁ ፊት አመድ መሰለ።

«ልጄን እንዳትነካ!» ብላ ማዳም መሀል ገባች። ሻለቃው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዒሳ «ወላሂ! ወላሂ!» እያለ ለቅሶ ጀመረ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ሀብተ ወልድ ብቻ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ጆሮውን አቁሟል።

ቀጭ።

ትንሽ ቆይቶ ሌላው፣ ቀጭ።

«ዞር ብላችሁ እዩ» አለ፣ እሱ ራሱ ሳይዞር።

ሀምዛ የፖሊሱን መኪና አጥቦ ጨርሷል። የዝናብ መጥረጊያዎቹን አንድ በአንድ ከመስታወቱ አንሥቶ አቁሟቸዋል፤ አንዱ አሁንም እጁ ላይ ነው።

«የመንገድ አጣቢ ሥራውን ሲጨርስ መጥረጊያውን ያነሣል» አለ ሀብተ ወልድ። «ባለቤቱ ከቤቱ ሲወጣ መኪናው መታጠቡን በሩቁ እንዲያውቅ ነው። ጀማል ለማን ምልክት ያሳያል? ብርቱካንስ? ዒሳማ ጨርቅም ይዞ አያውቅ። ደሙ መስታወቱ ላይም ተረጭቶ ነበር፤ ያጠበው ሰው ሲጨርስ እጁ የለመደውን አደረገ። የግራውን በር ጭረትም እዩ፤ የአሥር መኪና አሸዋ የያዘ ጨርቅ የጫረው ነው።»

ሻለቃው ሄዶ የሀምዛን ባልዲ አነሣ፤ አሸተተው። ሎሚ ሎሚ አለው፤ ባልዲውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

ሀምዛ መጥረጊያውን ለቀቀና እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው።

«ማንሣቴን እኮ አላወቅኩም» አለ በአማርኛ። «ጠዋትም አላወቅኩም። ጋሼ፣ እየሳቀ ነው የነገረኝ! ‹ወንድሜ፣ ይህን የመሰለ መኪና ትቼ የት እሄዳለሁ› አለኝ። እኔ ኢቃማዬ በአሥር ቀን ያልቃል፤ እሱ ስለ ቀለም ያወራልኛል። ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«ግፊያው አንዴ ነው» አለ ሀብተ ወልድ። «ይህችን ልጅ ግን ጠዋቱን ሙሉ በካቴና እያየሃት ዝም ብለሃል። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።»

ሀምዛ መሬት መሬቱን አየ። ካቴናው ከብርቱካን እጅ ወልቆ ወደ እሱ ሲሄድ ሀብተ ወልድ ፊቱን አዞረ። አንዷን የአገሩን ልጅ አስፈትቶ ሌላውን አሳስሯል፤ ምኑ ያስደስታል? የራሱን መኪና ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተ፤ ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ።

ብርቱካን የታሰረውን የእጅ አንጓዋን እያሻሸች ወደ አዲሱ መኪና ሄደች። መጥረጊያዎቹን አንድ በአንድ፣ መስታወቱን እንዳይመቱት በሁለት እጇ ደግፋ አስተኛቻቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምንድን ነው?»

«ማክሰኞ።»

«ጀማል ትኬቱን ገና አልሰረዘውም ነበር። መቅረቱንም ለእናቱ አልነገራቸውም፤ ሐሙስ ይመጣል ብለው ነው የሚጠብቁት።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «እስቲ ይጠይቁልኝ፤ ሬሳውን ለሐሙስ ያደርሱልን ይሆን?»

ሀብተ ወልድ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ ረግቶ ቆመ። ከዚያ ወደ ሻለቃው ዞረና፣ ምንም ሳይጨምር ምንም ሳይቀንስ፣ የተጠራበትን ሥራ ሠራ፤ ጥያቄዋን ተረጎመለት።